የበለሱ ሜዳ እና ስሞቹ

በደቡብ ቱርክ፣ ከአዳና ከተማ በስተምሥራቅ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ዓለም የሚያውቀው በአንዲት መንደር ስም ነው። ቱርኮች የሚጽፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ እንደ እንግሊዝኛ ያነበበው ሰው «ኢንሰርሊክ» ይለዋል። የቱርክኛው ሆሄ ግን በዚያ ቦታ «ጅ» ሆኖ ነው የሚነበበው፤ የአገሩ ሰዎች ኢንጂርሊክ ይሉታል። ጉዳዩ የአነባበብ ብቻ ቢመስልም «ጅ»ዋ ከጠፋች ፍሬዋም ትጠፋለች፤ ኢንጂር በለስ ነውና።

«ኢንጂር» ከፋርስኛው «አንጂር» የተወሰደ ነው። ያው ቃል ወደ ምሥራቅም ተጉዞ በኡርዱና በሂንዲ እስከ ዛሬ በለስ ማለት ነው። «ሊክ» ደግሞ የቱርክኛ ቅጥያ ነው፤ ከስም ኋላ ሲገባ ነገሩ የሚበዛበትን ቦታ ይሰይማል። «ታሽ» ድንጋይ ነው፤ «ታሽሊክ» ድንጋያማ ስፍራ። «ዘይቲን» ወይራ ነው፤ «ዘይቲንሊክ» የወይራ ቦታ። የእኛዋ «ማ» በ«ድንጋያማ» እና በ«ውኃማ» የምትሠራውን ሥራ ማለት ነው። ኢንጂርሊክ እንግዲህ በለሳማው፣ በለስ የሚበዛበት ነው።

የእኛው «በለስ» ከፋርሱ ቃል ጋር አይዛመድም፤ ዘመዶቹ በቀይ ባሕር ዳርና ዳር ያሉ ናቸው። በየመን ዐረብኛ በለስን «በለስ» ይሉታል። ነቢዩ አሞጽ ራሱን ሲገልጽ ስለ ሾላ ዛፍ የተጠቀመበት የዕብራይስጥ ግስ «ቦሌስ» ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት ከግዕዙ «በለስ» ጋር ያያይዙታል። በሰሜን ኢትዮጵያና በኤርትራ ደግሞ ቃሉ ከአሜሪካ ምድር በመጣው እሾሃማ ቁልቋል ፍሬ ላይ ዐርፏል፤ መቐለ ላይ «በለስ» ያለ ሰው የአዳምን ቅጠል አያስብም። በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ያደገባት ቢሾፍቱም ለአርባ ዓመታት ያህል «ደብረ ዘይት» ስትባል ኖራለች፤ የወይራ ተራራ። ከዚህ ተነሥቶ አውሮፕላንና ፍሬ ይፈላለጋሉ ማለት ግን ይበዛል። አውሮፕላን የሚፈልገው ሜዳ ነው፤ ሜዳውን ቀድሞ ያገኘው ገበሬ ስለሆነ በየአገሩ የአየር ምድቦች ስም ውስጥ ዛፍና ውኃ ቢገኝ አያስደንቅም።

ኢንጂርሊክ ያለበት ሜዳ ቹኩሮቫ ይባላል፤ ጥንት ኪልቅያ የሚባለው አገር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የተወለደባት ጠርሴስ ከአዳና በስተምዕራብ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አትሞላም። (ከዚህ በኋላ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ሜዳ ላይ የአየር ምድብ የመሥራቱ ሐሳብ የጸደቀው በታኅሣሥ 1943፣ ሩዝቬልት፣ ቸርችልና የቱርኩ ፕሬዚዳንት ኢኖኑ በካይሮ በተገናኙበት ጉባኤ ነው። ሥራውን የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የጀመሩት ግን በ1951 ጸደይ ነበር። ያኔ ጦርነቱ አልቆ ሌላ ተጀምሯል፤ የሚፈራው በርሊን ሳይሆን ሞስኮ ነው። ቱርክ በ1952 የኔቶ አባል ሆነች። በታኅሣሥ 1954 የቱርክ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹምና የአሜሪካ አየር ኃይል የጋራ መጠቀሚያ ስምምነት ፈረሙ። በየካቲት 1955 ቦታው «አዳና አየር ምድብ» ተባለ፤ በየካቲት 1958 ስሙ ተለውጦ «ኢንጂርሊክ» ሆነ። ከከተማ ስም ወደ መንደር ስም ወረደ ማለት ነው፤ ዝናው ግን በወረደው ስም ነው የወጣው።

ቦታው ለምን እንደተፈለገ ካርታ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሜዲትራኒያን በደቡብ ቅርብ ነው፤ ሶርያ ከዚያ ወዲያ ናት፤ ኢራቅ፣ ቆጵሮስና ሊባኖስ በአንድ የበረራ ርቀት ውስጥ ይወድቃሉ፤ የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ደቡባዊ ወሰንም እንዲሁ። የአየሩ ጠባይ ዓመቱን ሙሉ ለበረራ ይመቻል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ካርታው ሳይሆን መዝገበ ቃላቱ ነው። ሁለት መንግሥታት አንድ ማኮብኮቢያ ሲጋሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጣሉት በነዳጅ አይደለም፤ «ይህን ነገር ማን ብለን እንጥራው?» በሚለው ነው። የሰየመው ያዛልና።

እንግሊዝኛ ተናጋሪው ወታደር የሚለው «ቤዝ» ነው፤ ከጥንታዊው ግሪክኛ «ባሲስ» የመጣ፣ መጀመሪያ «እርምጃ» ቀጥሎም «የሚቆሙበት ነገር» ማለት የነበረ ቃል። ቱርክኛ ለዚህ «ዩስ» አለው፤ ከዐረብኛ «ኡስ» የተወረሰ፣ ትርጉሙ መሠረት። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ቃሉ ማንንም ብዙ አላስቸገረም። ከዚያ በኋላ በአንካራና በኢስታንቡል አደባባዮች ተማሪዎች «የአሜሪካን ዩሶች» እያነሡ መጮኽ ጀመሩ። በ1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ስለ ቆጵሮስ የጻፉት አስፈራሪ ደብዳቤ በኋላ ይፋ ሲወጣ እሳቱ ላይ ዘይት ሆነ። ቃሉ መንግሥትን መክሰሻ ሆነ፤ በአገርህ ላይ የባዕድ መሠረት ማኖር ማለት ነውና።

በሐምሌ 1969 የተፈረመው የመከላከያ ትብብር ስምምነት መውጫ አበጀ። በስምምነቱ ቋንቋ በቱርክ ያሉት ነገሮች «ዩስ» ሳይሆኑ «የጋራ መከላከያ ተሲስ» ሆኑ። «ተሲስ» ተቋም፣ ድርጅት፣ ፋብሪካም ሊሆን የሚችል ሰላማዊ ቃል ነው፤ የመዝናኛና የስፖርት ቦታም «ተሲስ» ይባላል። ባለሥልጣናቱ ከዚህ በኋላ «በቱርክ የአሜሪካ ዩስ የለም፤ ያለው የጋራ ተሲስ ነው» ሲሉ ሊከራከሩ ቻሉ። ሥርወ ቃል የሚመረምር ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። «ተሲስ» የዐረብኛው «ተእሲስ» ነው፤ መመሥረት። ሥሩም ያው የ«ኡስ» ሥር ነው። አንዱን አውጥተው በወንድሙ ተኩት፤ ቤተሰቡ ከግቢው አልወጣም።

ይሁንና ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ስሙ ሲለወጥ ወረቀቱም አብሮ ተለውጧል፤ አዛዡ ቱርካዊ ይሆናል፣ ባንዲራው የቱርክ ይሆናል፣ እንግዳው የሚሠራው በተፈቀደለት ልክ ይሆናል የሚለው ሐሳብ እየጠነከረ የመጣው በዚሁ በ«ተሲስ» መንገድ ነው። በመጋቢት 1980 የተፈረመውና እስከ ዛሬ ግንኙነቱን የሚገዛው የመከላከያና የኢኮኖሚ ትብብር ስምምነትም ቦታዎቹን የቱርክ ጦር ኃይሎች ተቋማት አድርጎ ነው የሚያያቸው። ኢንጂርሊክ በቱርክ መዝገብ «10ኛ ታንከር ዩስ አዛዥነት» ነው፤ በራስ ጦር ላይ ሲሆን «ዩስ» ማለት አያሳፍርም። በአሜሪካ መዝገብ ደግሞ የ39ኛው የአየር ምድብ ክንፍ ሰፈር ነው። አንድ ማኮብኮቢያ በሁለት መዝገብ ሁለት ስም አለው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አማርኛ ለዚህ ነገር ስንት ስም አለው? ቢያንስ ሦስት፣ ሦስቱም የየራሳቸው ታሪክ ያላቸው። «ጦር ሰፈር» ጥንታዊው ነው። «ጦር» መጀመሪያ ዘንጉና ስለቱ ነው፤ ቀጥሎ እሱን የያዘው ሰው፣ በመጨረሻም ሠራዊቱና ውጊያው። «ሰፈረ» ደግሞ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ እህል ይሰፈራል፣ ጦርም ይሰፍራል። በግዕዝ የጎላው ትርጉሙ መለካት ነው፤ «መስፈሪያ» እና «መስፈርት» ከዚያ ወጥተዋል። ንጉሥ ሲዘምት ድንኳኑ መካከል ተተክሎ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው በቀኝና በግራ በልክ ይሰፍሩ ስለነበር መለካትና መስፈር ተራርቀው የሚኖሩ ሐሳቦች አይደሉም። አዲስ አበባ ራሷ እንደዚያ ያለ የጦር ሰፈር ነበረች፤ ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ብሩ ሰፈር ዛሬ የታክሲ መዳረሻ ቢሆኑም ስማቸው የሚናገረው ድንኳንና አጃቢ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በአማርኛ «የሰፈሬ ልጅ» ሲል ሳያውቀው በወታደር ቋንቋ ነው የሚናገረው። ሰፈር የሚነቀል ነገር ነው፤ የአማርኛው ቃል እንግዳው አንድ ቀን ይሄዳል የሚል ተስፋ አለው፤ «ቤዝ» እና «ዩስ» ግን መሬት ውስጥ የገቡ ናቸው።

ሁለተኛው «አየር ምድብ» ነው፤ የአየር ኃይላችን የራሱ ቃል። ድሬዳዋ ያለው «ምሥራቅ አየር ምድብ» ይባላል። «መደበ» ግስ ሆኖ ለእያንዳንዱ ቦታውንና ሥራውን መስጠት ነው። «መደብ» በገጠር ቤት ከጭቃ ተሠርቶ የሚተኙበትና የሚቀመጡበት ከፍታ ነው፤ የሽንኩርትና የበርበሬ ችግኝም በመደብ ይዘራል። ፍርድ ቤት «ምድብ ችሎት» አለው፤ ሠራዊትም «መደበኛ ጦር»። እኔ እንደሚመስለኝ ከሦስቱ ለጋራ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ የሚስማማው ይህ ነው፤ ምድብ ሲባል መዳቢ አለና። ማን መደበህ? ብሎ ለመጠየቅ ያስችላል። የኢንጂርሊክ ታሪክ በሙሉ ይህ ጥያቄ ነው። ሦስተኛው «አየር ማረፊያ» የሲቪሉ ቃል ነው፤ «ማረፊያ» ዕረፍትን የያዘ በመሆኑ ቦምብ ለተሸከመ አውሮፕላን ትንሽ ያንስበታል።

ሊቃውንቱ አዲስ ቃል ቢሹ ኖሮ ግዕዝ ሌላ ነገር አዘጋጅቶላቸው ነበር። በግዕዝ «ሠረረ» አንድም መሠረት ጣለ ማለት ነው፤ «መሠረት» የሚለው ቃል ከዚያ ወጥቷል። አንድም «ሠረረ» ዘለለ፣ ከፍ አለ፣ በረረ ማለት ነው፤ የሰማይ ወፎች የሚሠርሩ ናቸው። የሁለቱ ምንጭ የተለያየ ነው፤ በብራና ላይ ግን «ሠ» እና «ሰ» እየተቀያየሩ ስለተጻፉ ዐይንም ጆሮም አይለያቸውም። የሚበርና የሚመሠረት በአንድ ድምፅ የሚነገርበት ቋንቋ ያለው ሕዝብ «ኤርቤዝ» ብሎ መዋሱ ትንሽ ያስቆጫል።

«አየር ኃይል» ስንል ደግሞ «አየር» ከግሪክኛ በግዕዝ በኩል የገባ ነው፤ «ኃይል» የራሳችን የሴማውያን ቃል ነው። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በዕብራይስጥ «ሔል ሃአቪር» ሲባል ሲሰሙ እነዚህኑ ሁለት ቃላት እየሰሙ ነው፤ «ሔል» የ«ኃይል» ወንድም፣ «አቪር» ደግሞ የዚያው የግሪክኛ ቃል ልጅ። ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ጥንድ አጋብተዋል።

አየር በአማርኛ የሚተነፈሰውም ነው፣ የሚበረርበትም ነው፣ የሚዘንብና የሚያባራውም ነው። ይህ አሻሚነት ለኢንጂርሊክ ጠቅሞታል። ከ1956 ጀምሮ ከዚያ ይነሡ የነበሩት ዩ-2 የስለላ አውሮፕላኖች ክፍል በወረቀት «የአየር ጠባይ ቅኝት» ክፍል ይባል ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1960 ከኢንጂርሊክ ክፍል የሆነው አብራሪ ጋሪ ፓወርስ ከፓኪስታኗ ፔሻዋር ተነሥቶ በሶቪየት ሰማይ ላይ ተመታ። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ ያወጣው መግለጫ የአየር ጠባይ የሚያጠና አውሮፕላን በቱርክ ቫን ሐይቅ አካባቢ ጠፋ፣ አብራሪውም የኦክስጅን ችግር ገጥሞኛል ብሎ ነበር የሚል ነበር። ሶቪየቶች ግን አብራሪውን በሕይወቱ ይዘውት ስለነበር «የአየር ጠባይ» የሚለው ሽፋን ከጥቂት ቀናት በላይ አልቆየም።

ቅኝት ካልን ቃኘውን ማለፍ አይቻልም። ኢትዮጵያም የጋራ የተባለ የአሜሪካ ጣቢያ ነበራት፤ አውሮፕላን ሳይሆን ሬዲዮ የሚያዳምጥ። አስመራ ላይ፣ ጣሊያኖች «ራዲዮ ማሪና» ይሉት በነበረው ቦታ፣ አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገብተው በግንቦት 1953 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ለ25 ዓመት ተፈራረሙ። ስሙ «ቃኘው ጣቢያ» ሆነ፤ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ስም ነው፤ ከዚያ በፊትም የራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ «አባ ቃኘው»። ቃሉን ወደ ሥሩ ብንከተለው ግዕዙ «ቀነየ» ላይ ያደርሰናል። ቀነየ አስገዛ፣ አገለገለ፣ ዜማ አሰማማ ነው። ቅኔ ከእሱ ወጣ፤ የክራር ቅኝት ከእሱ ወጣ፤ ቃኚ ጦር ከእሱ ወጣ፤ ቅኝ ግዛትም ከእሱ ወጣ። የዓለምን ሬዲዮ ሞገድ እያሰማማ የሚያዳምጥ የባዕድ ጣቢያ «ቃኘው» ሲባል ስም አውጪዎቹ የፈለጉት ጀግንነትን ማክበር ነበር። ቃሉ ግን ከእነሱ በላይ ያውቅ ነበር፤ መቃኘትንም ማዳመጥንም መግዛትንም በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። ደርግ በ1977 ጣቢያውን ዘጋው።

ከእኛ አጠገብ ጂቡቲ ያለው የአሜሪካ ካምፕ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያ የሚጠቀመው ይህ ሰፈር «ካምፕ ሌሞኒዬ» ይባላል፤ በመጋቢት 1945 በቬትናሟ ላንግ ሶን ጃፓኖች አንገቱን በሰይፍ በቀሉት ፈረንሳዊ ጄኔራል ስም። በአፋርና በሶማሌ አገር፣ በፈረንሳይ የውጭ ሌጌዎን ሰፈር ላይ፣ በእስያ ስለሞተ ሰው የተሰየመ፣ አሜሪካኖች የሚኖሩበት። አሜሪካኖቹ ስሙን ለዓመታት በአንድ «ን» ሲጽፉት ኖረው ኋላ ሁለት አደረጉት፤ የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ ከዚህ ውርደት ድነናል።

ወደ አዳና እንመለስ። በ1974 ቱርክ ቆጵሮስ ገባች፤ በየካቲት 1975 የአሜሪካ ምክር ቤት በቱርክ ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። አንካራ በሐምሌ ያን የ1969 ስምምነት ሰርዛ አሜሪካኖች የሚሠሩባቸውን ተቋማት ሁሉ በቁጥጥሯ ሥር አደረገች። ኢንጂርሊክ ግን የኔቶ ሥራ ስላለው ከዚህ ተረፈ። ማለትም አሜሪካ ስትባረር ኔቶ ቀረ፤ ሰዎቹ ያው ሰዎች ነበሩ። በስም መዳን የሚባለው ይህ ነው። ማዕቀቡ በ1978 ተነሥቶ ሌሎቹም ተከፈቱ።

የዘመቻ ስም ላይ ያለው ፉክክር ከሁሉ የከፋ ነው። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ካለቀ በኋላ ከሳዳም ጦር የሸሹ ኩርዶች በሰሜን ኢራቅና በቱርክ ድንበር ተራሮች ላይ ሲያልቁ ምዕራባውያኑ ከኢንጂርሊክ እርዳታ ያወርዱ፣ ከ36ኛው የኬክሮስ መስመር በላይ ያለውንም ሰማይ ለኢራቅ አውሮፕላን ይዘጉ ጀመር። አሜሪካኖች ዘመቻውን «መጽናኛ አቅርቦት» በሚል ስም ጠሩት። የቱርክ ሕዝብ ግን ይህን ስም አልተቀበለውም። ከተከታይ ኃይሉ «የተዘጋጀ መዶሻ» ከሚለው መጠሪያ መዶሻውን ነጥሎ ወስዶ ሁሉንም «ቼኪች ጉች» አለው፤ መዶሻ ኃይል። አንዱ ብርድ ልብስ ያየበትን ሌላው ብረት አየበት። የቱርክ ፓርላማ በየስድስት ወሩ ፈቃዱን ማደስ ስለነበረበት በየስድስት ወሩ ጋዜጦቹ መዶሻውን ያነሡ ነበር፤ ብዙ ቱርኮች ኃይሉ ኩርዶችን አገር ያቋቁምላቸዋል ብለው ይጠረጥሩ ነበርና። በ1997 ዘመቻው ተለውጦ የቅኝት ስም ሲሰጠው መዶሻው ተረሳ። በስሙ ብቻ ነበር ማለት ባይቻልም፣ ስሙ ረድቷል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ መጋቢት 1 ቀን 2003 መጣ። አሜሪካ በቱርክ በኩል ወደ ኢራቅ ጦር ልታስገባ ፈልጋ የአንካራ መንግሥት ፓርላማውን ፈቃድ ጠየቀ። እንዲህ ያለው የመንግሥት ጥያቄ በቱርክኛ «ተዝከሬ» ይባላል። ቃሉ የዐረብኛ «ተዝኪራ» ነው፤ ማስታወሻ። ሥሩ «ዘከረ» ነው፤ አዎን፣ የእኛው «ዘከረ»፣ የ«ዝክር» እና የ«ተዝካር»። አማርኛ ሙት የሚታሰብበትን ድግስ የጠራበትን ሥር ቱርክኛ የጦር ፈቃድ መጠየቂያ ወረቀት ጠርቶበታል። ድምፁ ሲቆጠር 264 ደገፉ፣ 250 ተቃወሙ፣ 19 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ደጋፊው ቢበዛም ከተገኙት እንደራሴዎች ከግማሽ በላይ መሆን ነበረበትና ወደቀ። የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር በመርከብ እንዳለ ወደ ኩዌት ዞረ። ቱርኮች ያን ቀን እስከ ዛሬ «የመጋቢት 1 ተዝከሬ» ብለው ያስታውሱታል፤ በእኛ ቋንቋ ለሚሰማው ሰው ቃሉ ራሱ ተዝካር አወጣለት።

«የጋራ» የሚለው ቃልም ሊታይ ይገባዋል። አማርኛ «ጋራ» ሲል አንድም አብሮነት ነው፣ አንድም ተራራ። ተራራው ከኦሮምኛ «ጋራ» ጋር አንድ ነው፤ አብሮነቱ ሌላ ቃል ነው፤ በጽሑፍ ግን አይለዩም። የጋራ ምድብ ሲባል ሁለቱን አብሮ መስማት አይከፋም፤ አብረው ይኖራሉ፣ በመካከላቸውም ተራራ አለ።

ተራራው በሐምሌ 2016 ታየ። በ15ኛው ቀን ሌሊት የቱርክ ጦር ከፊል መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። ከኢንጂርሊክ የተነሡ የቱርክ ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላኖች በአንካራ ሰማይ የሚያንዣብቡትን የአማፅያኑን ኤፍ-16ቶች በአየር ላይ ነዳጅ ሞሏቸው። የነዳጅ ጫኞቹ ጓድ «አሰና» ይባላል፤ በቱርኮች አፈ ታሪክ ነገዳቸውን ያሳደገችው ተኩላ ስም ነው፤ የምታጠባ ተኩላ ለነዳጅ ጫኝ መስጠት ስም አወጣጥ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ሙከራው ሲከሽፍ የምድቡ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል በኪር ኤርጃን ቫን አሜሪካኖቹን ጥገኝነት ጠይቆ ተከልክሎ ተያዘ። የቱርክ ባለሥልጣናት የከተማውን መብራት ከምድቡ ቆርጠው አንድ ሳምንት ያህል አቆዩት፤ አሜሪካኖቹ በጄኔሬተር ከረሙ። በዚያው ግቢ፣ የውጭ ተመራማሪዎች በዚያ ጊዜ እንደገመቱት፣ ሃምሳ ያህል ቢ-61 የኑክሌር ቦምቦች ተቀምጠው ነበር፤ ዋሺንግተን አለ ብላም የለም ብላም አታውቅም። የኑክሌር መጋዘን ያለው ግቢ መብራቱን ከጎረቤት የሚቀበል መሆኑ በየትኛውም ስምምነት ላይ ካለው «የጋራ» ከሚለው ቃል በላይ ባለቤቱን ተናገረ።

ባለቤት ስል ግን ከሁለቱም መንግሥታት ውጪ የሆነ ሦስተኛ ወገን አለ። በታኅሣሥ 2010 ሎስ አንጀለስ ላይ ሦስት የአርመን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን የቱርክን መንግሥትና ሁለት ባንኮችዋን ከሰሱ። ኢንጂርሊክ ካረፈበት መሬት ከፊሉ የአያቶቻችን ነበር፤ በኦቶማን መንግሥት መጨረሻ አርመኖች ሲፈናቀሉ ተወሰደ፤ አሁን አሜሪካ የምትጠቀምበት ነው፤ ካሣ ይገባናል አሉ። ክሱ ለዓመታት ተጓተተ። በ2019 የይግባኙ ፍርድ ቤት በይርጋ ዘጋው፤ ጊዜው አልፏል ብሎ። ስለ መሬቱ አልተናገረም። ከዚህ ክስ በኋላ «በለሳማው» የሚለውን ስም ሳነብ ዛፉን ማን ተክሎት ነበር ማለቴ አልቀረም።

አሜሪካኖቹ ወታደሮች ራሳቸው ረጅሙን ስም አይወዱትም፤ በየዕለት ንግግራቸው «ዘ ሊክ» ይሉታል። በለሱን ጥለው ቅጥያዋን ይዘው ቀሩ። ቅጥያ ብቻዋን በቱርክኛ ምንም አትልም፤ በእነሱ አፍ ግን የአገር ስም ሆና የትዝታ ቲሸርት ላይ ታትማለች።

ጀርመኖቹ ደግሞ በሌላ ቃል ተጣሉ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የጀርመን ቶርኔዶ የቅኝት አውሮፕላኖችና አንድ ነዳጅ ጫኝ ከ260 ያህል ወታደሮች ጋር በኢንጂርሊክ ሆነው እስላማዊ መንግሥት ነኝ በሚለው ቡድን ላይ በተከፈተው ዘመቻ ይሳተፉ ነበር። የጀርመን ሕግ ሠራዊቱን «የፓርላማ ሠራዊት» አድርጎ ነው የሚያየው፤ የላከው ፓርላማው ስለሆነ እንደራሴዎቹ ሄደው ወታደሮቻቸውን መጎብኘት መብታቸው ነው ይላል። አንካራ ደግሞ ጉብኝት ሳይሆን ፈቃድ ነው ጉዳዩ አለች፤ ምድቡ የቱርክ ነው፣ እንግዳ በባለቤቱ በር ይገባል። በበርሊንና በአንካራ መካከል በሌላ ነገርም ቅሬታ ስለነበረ ፈቃዱ ተከለከለ፣ እንደገና ተከለከለ። በሰኔ 2017 የበርሊን ፓርላማ ጦሩ እንዲነሣ ወሰነ። ቶርኔዶዎቹ ወደ ዮርዳኖስ ተሻገሩ፤ አዝረቅ ወደሚባል የአየር ምድብ፣ ትርጉሙ በዐረብኛ ሰማያዊ። ሰፈሩ ተነቀለ፤ ኢንጂርሊክ ላይ ፈቃድ ከሚጠይቁት እንግዶች ዝርዝር አንድ ባንዲራ ቀነሰ።